ባለቤት ያላቸው ዛፎች

ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው መንገድ አዘዞንና ጠዳን ካለፈ በኋላ አገሩ ለጥ ይላል። በቀኝ የደምቢያ ሜዳ ወደ ጣና ይዘረጋል፤ በግራ ወደ በለሳ የሚያሻግሩት ኮረብቶች አብረው ይጓዛሉ። መንገዱ ሰላም በነበረበት ዓመት ነው፤ ወሩም ሚያዝያ ሊያልቅ ነው። ሽምብራው ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ ዋልካው ክንድ በሚያስገባ ስንጥቅ ተተርትሯል፤ ከብቱ ገለባ እየለቃቀመ ይዞራል። በዚህ ጊዜ ከሚኒባስ መስኮት ውጭ ዓይን የሚያርፍበት ነገር ቢኖር ዛፍ ብቻ ነው፤ እኔም የመጣሁት ለእሱ ነበርና ፊቴን ከመስታወቱ አልነቀልኩም።

ከጎኔ የተቀመጠው የማክሰኝት ነጋዴ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። «ዛፍ» ስለው ሳቀ፤ ቆየት ብሎ ግን እጁን በፊቴ አሳልፎ ይጠቁመኝ ጀመር። ኮረብታው ላይ ጠቁሮ የሚታየው ጊዮርጊስ ነው። ከሱ ወዲህ ያለው ሚካኤል። ሜዳው መካከል ብቻዋን የቆመችው ዋርካ የዚያ ጎጥ አድባር ናት። ወንዙ ዳር ያለችው ሾላ ከብት ይመሰግባታል፤ እረኞቹ ቅርንጫፏን አያስነኩም። ያ በረድፍ የቆመው ባሕር ዛፍ ደግሞ የአጎቱ ልጅ ንብረት ነው፤ ሸጦ ቆርቆሮ ሊገዛበት።

መንገዱን ሁሉ ስንሄድ የማንም ያልሆነ ዛፍ አልጠቆመኝም። ይህን ያስተዋልኩት ከወረድኩ በኋላ ነው። በዚህ አገር አርጅቶ የቆመ ዛፍ ሁሉ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱ ታቦት ይሁን አድባር፣ ሸንጎ ይሁን ገበያ፣ አንድ የሚቆረቆርለት አለ። ባለቤት ያላገኘው ከሰል ሆኖ ከተማ ገብቷል።

ማክሰኝት የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ከጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ሽምብራና ነጭ ሽንኩርት የሚራገፍባት፣ ባጃጅ የሚርመሰመስባት፣ አውቶቡስ ለአፍታ ቆሞ የሚያልፋት የመንገድ ዳር ከተማ ናት። አብዛኛው መንገደኛ እዚህ የሚወርደው ውሃ ለመግዛት ነው፤ ቀጥሎ እንፍራንዝ አለ፣ ከዚያ አዲስ ዘመን። እኔ ግን አመጣጤን ለግንቦት ልደታ አስልቼ ነበርና አልጋ ያዝኩ።

ግንቦት 1 ከሰዓት በኋላ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለ አንድ ዋርካ ሥር ደረስኩ። ዋርካ በሩቁ አንድ ዛፍ ነው፤ ሲቀርቡት ሰፈር ሆኖ ይገኛል። ሥሮቹ ከመሬት በላይ ተጋድመው ለየቤተሰቡ የየራሱን ክፍል ከፍለውለታል። በአንደኛው ክፍል ቡና ይወቀጣል፤ በሌላኛው የስንዴና የሽምብራ ንፍሮ ይንተከተካል፤ ቄጤማ ተጎዝጉዟል፤ ዕጣኑ ይጨሳል፤ ልጆቹ በሙሉ ከላይ፣ ቅርንጫፍ ላይ ናቸው። ግንዱ በሰው ቁመት ልክ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ከስንት እናቶች እጅ የወረደ ቅቤ ነው።

«ተቀመጥ ልጄ፤ ልደታ እንግዳ አትመልስም» አሉኝ አንዲት ባልቴት። አንገታቸው ላይ ንቅሳት አለ። ንፍሮ በእፍኝ ሰጡኝና ስበላ አዩኝ።

«እማማ፣ ቅቤው ለማን ነው የሚቀባው?»

«ለእሷ ነዋ።»

«ለእመቤታችን?»

ዝም ብለው አዩኝ። «ለእሷ አልኩህ» አሉ፤ «የላይዋም የታችዋም ይሰማሉ። እኛ አናጣላቸውም።»

ስለ አድባር ብዙ የተጻፈ አንብቤ ነበር፤ የእሳቸውን መልስ የሚያህል ግን አላገኘሁም። ቡናው እየተደገመ ሲሄድ ወሬያቸውም ተፈታ። አያታቸው የታረቁት እዚች ዋርካ ሥር ነው። እሳቸው የተዳሩት ከዚች ዋርካ ማዶ ወዳለው መንደር ነው፤ በቅሎዋ ላይ ሆነው ዞር ብለው ያዩት የመጨረሻው ነገርም እሷን ነው። ዝናብ ሲዘገይ እዚህ ይወጣል፤ ልጅ ሲታመም እዚህ ስለት ይገባል። አረብ አገር ያለች ልጃቸው ስትደውል ከወንድሞቿ በፊት የምትጠይቀው «ዋርካችን ደህና ናት?» ብላ ነው። ይህን ሲነግሩኝ ትንሽ ቅር ብሏቸዋል፤ ትንሽም ኮርተዋል። በረካው እስኪጠጣ ድረስ አላስነሡኝም፤ ስነሣም «የአገሩ አድባር ትቀበልህ» ብለው መረቁኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ይህን አገር የማየው በአንድ ዓይን፣ በፍቅር ዓይን ሆነ፤ አንባቢ ከዚህ በኋላ ያለውን ይህን እያወቀ ያንብብ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ጥላ የያዙ ቄስ መጡ። ሴቶቹ ተነሥተው መስቀል ተሳለሙ፤ ቄሱም ከግንዱ ራቅ ብለው፣ ከዋርካዋ ጥላ ግን ሳይወጡ ተቀመጡ። ንፍሮው ቀረበላቸው፤ ባርከው በሉ። ቅቤውን አላዩም፤ ይልቁንም እንዳላዩ ሆነው አይተውታል። በማግሥቱ በደብራቸው አግኝቼ ጠየቅኋቸው።

«ቅቤው ልክ አይደለም» አሉ፤ «ንፍሮው ልክ ነው።»

ከዚያ አስረዱኝ። እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ ነው። ሐናና ኢያቄም ከሰው ርቀው እዚያ ነበሩና የተገኘውን እህል ቀቅለው ቀመሱ። ስለዚህ ልደታ ከቤት ውጭ፣ ዛፍ ሥር ይከበራል። «ሰዎቹ ከዛፍ ሥር መውጣታቸው ትክክል ነው፤ ዛፉን መቀባታቸው ግን የእናት አያታቸው ነው» አሉ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እናታቸውም ይቀቡ እንደነበር ሳልጠይቃቸው ነገሩኝ።

ክርክሩ ከእሳቸውም ከእማማም ይበልጣል በዕድሜ። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጥንቆላንና ባዕድ አምልኮን ለማጥፋት መጽሐፍ እስከ መጻፍ፣ ቅጣት እስከ መደንገግ ደርሰዋል። በገድለ ተክለ ሃይማኖት ደግሞ ሰዎች የሚሰግዱለት ዛፍ በጻድቁ ጸሎት ከነሥሩ ተነቅሎ እንጨቱ ለቤተ ክርስቲያን ሥራ እንደዋለ ይተረካል። ይህን ታሪክ በወጣትነቴ ስሰማ የዛፉ ሽንፈት ይመስለኝ ነበር። የደብሩን ግቢ ካየሁ ወዲህ ግን ሌላ ነገር ታየኝ፤ ዛፉ ጌታ ለወጠ እንጂ ከአምልኮው ቤት አልወጣም።

ግቢው የሚጀምረው ከበሩ ሳይሆን ከአየሩ ነው። ከእርሻው ሐሩር ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ሲገቡ ላብ ይደርቃል። ጽድ፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ከሥራቸው ስሙን የማላውቀው ቁጥቋጦ፤ ከዚያ ሁሉ መካከል ክብ ጣሪያው። መቃብሮቹ በዛፎቹ ሥሮች ተገፍተው ዘመም ብለዋል፤ ማንም የሚያቃናቸው የለም። እርጥብ መቁረጥ በግዝት የተከለከለ ነው። ወድቆ የደረቀ ቅርንጫፍ ቢገኝ ወደ ቤተ ልሔም ይሄዳል፤ የቁርባኑ ኅብስት የሚጋገርበት እሳት ከዚያው ግቢ ይወጣል። ቄሱ «ዛፍ የሌለው ደብር ዕርቃኑን የቆመ ሰው ነው» አሉኝ። አነጋገሩ የእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ከጎጃምም ከደቡብ ጎንደርም ካህናት ሰምቼዋለሁ።

የሚያስተምሩት ትምህርትም በዛፍ የተሞላ ነው። አዳም የወደቀው በዕፀ በለስ ነው፤ የተዘጋበት ዕፀ ሕይወት ነው። ለይስሐቅ ቤዛ የሆነው በግ የተያዘው በዕፀ ሳቤቅ ነው። ሙሴ ያየው እሳት ሳያቃጥል የነደደው በዕፀ ጳጦስ ላይ ነው፤ እሱም የእመቤታችን ምሳሌ ነው። ዓለም የዳነውም በእንጨት መስቀል። ይህን ሁሉ ከሕፃንነቱ ሲሰማ ያደገ ገበሬ በቅዳሜ ገበያ የገዛውን መጥረቢያ ይዞ ወደ ደብሩ ወይራ ቢቀርብ እጁ ቢንቀጠቀጥ ምን ይገርማል?

ሳይንሱም ዘግይቶ እዚሁ ደርሷል። ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃቸው በ«እመጓ» ነው፤ ሙያቸው ግን የደን ሥነ ምህዳር ነው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግበዋል። ከዙሪያው እርሻ የጠፋው የአገሩ ዛፍ የት እንደተሸሸገ ያሳየ ሥራ ነው። ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም ገበሬው ከማሳው በሚለቅመው ድንጋይ የደብር ደኖች ዙሪያ ካብ እንዲካብ አድርገዋል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሷቸውን ፎቶዎች ከዛሬ የሳተላይት ምስሎች ጋር አስተያይተው የደብር ደኖቹ በአብዛኛው ጸንተው መቆየታቸውን አግኝተዋል። የጠፋው ከግቢው ውጭ የነበረው ጫካ ነው። ግዝቱ እስከ ደረሰበት ድረስ ዛፍ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ማሳ ነው።

ወደ ዋርካዋ ልመለስ፤ ምክንያቱም ከእማማ ማዶ፣ በሌላኛው ሥር የተቀመጡት ሽማግሌዎች የነገሩኝ ሌላ ነው። ለእነሱ ዋርካዋ ችሎት ናት። የድንበር ክስ፣ የጋብቻ ፍቺ፣ የደም ዕርቅ እዚህ ይታያል። በአባቶቻቸው ዘመን አውጫጭኝ የሚቀመጠውም እዚህ ነበር። በሬ ሲሰረቅ የአካባቢው ወንድ ሁሉ ተጠርቶ ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪታወቅ ወደ ቤት የሚሄድ የለም፤ እርሻ ይደር፣ ከብት ይጠማ። የሚያውቅ ሰው ደግሞ በአደባባይ ተነሥቶ አይናገርም። ለተመረጡት በምስጢር ይነግራል፤ የሚነግረውም ሰው «ወፍ» ይባላል። ስሙ አይወጣም። ከዚያ ዳኞቹ «ወፍ ነገረን» ይላሉ፤ ነገሩ ይቆረጣል። ይህን የነገሩኝ አዛውንት ጨርሰው ቀና ብለው ቅርንጫፉን አዩ፤ እኔም አየሁ፤ ተሳሳቅን። ልጆቹ ከላይ ሆነው እያንዳንዱን ቃላችንን ሲያዳምጡ ነበር።

ችሎት ባለበት ፍርድ አለ፤ ፍርድ ባለበትም የሚሞት አለ። ይህን የምለው ወደ ጎንደር ስመለስ በልቤ የነበረውን ለመናገር ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ገብቶ እስከ 1771 መጨረሻ ቆይቷል። በራስ ሚካኤል ስሑል ዘመን የቤተ መንግሥቱ ታላቅ ካህን፣ ዓቃቤ ሰዓቱ አባ ሰላማ፣ ተፈርዶባቸው በንጉሡ ግቢ በር ፊት ለፊት ከነበረው ዛፍ ላይ እንደተሰቀሉ ጽፏል። በፋሲል ግቢ በሮች ሳልፍ የትኛው በር፣ የትኛው ዛፍ ይሆን እያልኩ ነበር። ዛፍን በአፍሪካ ሁሉ የሰላም ጥላ አድርገው የሚስሉ ጽሑፎች አሉ፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ጎንደር ግን ከዚያ በላይ ታስታውሳለች።

ያው ብሩስ በሌላ ገጽ የጎንደርን ዋንዛ አፍቅሮ ጽፎታል። በየቤቱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ዋንዛ ስለሚተከል ከተማዋ ከከፍታ ስትታይ ጫካ ትመስላለች ይላል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በእሱ አቆጣጠር ሴፕቴምበር 1፣ በእኛ ነሐሴ ማብቂያ ላይ፣ ዛፎቹ ሁሉ በአንድ ሌሊት ነጭ አበባ ለብሰው ከተማዋ በረዶ የወረደባት መሰለች ብሏል፤ በቆየባቸው ክረምቶችም ቀኑ አልተዛነፈም። በረዶውን ከአገሩ ይዞት የመጣ ነው፤ ለእኛ እንቁጣጣሽ ሲቃረብ ከሚወጣ አዲስ ነጠላ ሌላ ምሳሌ አያሻውም። ዛሬ ጎንደር በየቤቱ ሁለት ሦስት ዋንዛ የላትም። ያለው እየታረደ ከበሮና በር ሆኗል፤ በበዓታ ደብር አቋቋም ሲዘለቅ የሚመታው ከበሮ ከየትኛው ግቢ የተቆረጠ ዋንዛ ይሆን ብዬ አስቤያለሁ።

ኮሶ ደግሞ የሌላ ታሪክ ባለቤት ነው። በወገራና በስሜን ደጋ ቀላ ያለ ዘለላውን አንጠልጥሎ ሲታይ ከአገሩ ዛፎች ሁሉ የሚያምር ነው፤ ስሙን ሲሰሙ ግን ሰዎች ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። ለትል የሚጠጣው መራራ መድኃኒት ከአበባው ነውና። ካሳ ኃይሉ ገና ዐፄ ቴዎድሮስ ሳይሆኑ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ይሰድቧቸው ነበር። ደጃዝማች ወንድይራድ ይህንኑ ስድብ ይዞ ፎክሮ ዘመተ። ካሳ ማረኩትና «እናቴ ዛሬ ገበያ አልቀናትም፤ ያልተሸጠው ኮሶ አለ» ብለው እሱኑ አጠጡት ይባላል። በደምቢያ ይህን ታሪክ የማይናገር ሽማግሌ የለም፤ ሲናገሩም የሚያደምቁት ጦርነቱን ሳይሆን ኮሶውን ነው። ኮሶ በመጽሐፍ ካነበብኳቸው ዛፎች ሁሉ ይልቅ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ የሰው ጠባይ ያለው ዛፍ ነው፤ ይንቃል፣ ይበቀላል።

በጥምቀተ ባሕሩ ግን ዝም ያልኩበት ሰዓት ነበር። ከቀሃ ወንዝ በቦይ የሚሞላው የፋሲል መዋኛ በግንቦት ባዶ ነው፤ ድንጋዩ ይግላል። የዙሪያው ግንብ ላይ ግን ዋርካዎቹ አሉ። ሥሮቻቸው ከግንቡ አናት ወርደው፣ በድንጋዩ መገጣጠሚያ ገብተው፣ ወጥተው፣ ተጠማዝዘው መሬት ደርሰዋል። ግንቡን የያዘው ሥሩ ነው ወይስ ሥሩን የያዘው ግንቡ? የቅርስ ጠባቂዎች ራስ ምታት ይህ ነው። ሥሩ ሲወፍር ድንጋዩን ይገፋል፤ ቢቆረጥ ደግሞ የታቀፈው ግንብ ይናዳል። እኔ ብጠየቅ ዛፎቹ ይቆዩ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 ፋሲል ግቢ፣ በ2019 ደግሞ ጥምቀት በዩኔስኮ መዝገብ ሲሰፍሩ ዋርካዎቹ በስማቸው አልተጠሩም። ነገር ግን ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ሲባረክ ወጣቱ ከቅርንጫፎቹ ላይ ሆኖ የሚጠብቅባት ጎንደር ያለ ዋርካ ምን ትሆናለች?

ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ስወጣ መሽቶ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህ ደብር ተረፈ፤ ያተረፈው የንብ መንጋ ነው ይባላል። ጎብኚ ሁሉ ቀና ብሎ የጣሪያውን መላእክት ያያል፤ ይገባዋል። እኔ ግን በጽዶቹ መካከል ቆሜ ያ ንብ የት ነበር የሰፈረው አልኩ።

ከቤተ ክርስቲያንም ከዋርካም በፊት እዚህ አገር በዛፍ ሥር የሰገዱ አሉ። የጎንደር ዙሪያ ጥንታዊ ነዋሪ የሆነው የቅማንት ሕዝብ የቀደመ እምነቱን የሚፈጽመው በተከበሩ የዛፍ ጥሻዎች ውስጥ ነበር፤ አምልኮውን የሚመራው ወምበር ይባላል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ፍሬዴሪክ ጋምስት እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ዘግቦታል። ከጣና ማዶ በዘጌ ደግሞ አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ለሦስት ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ይባላል፤ በዚህ የተነሣ ባሕረ ገብ መሬቱን እርሻ አይነካውም፣ እስከ ዛሬም ደን ነው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ኦሮሞ በኦዳ ሥር ሕግ ያወጣል፤ ኮንሶ በየትውልዱ የጽድ ግንድ ያቆማል። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ እናቷ ከሾላው ሥር ጭራሮ እንዳትለቅም እንዴት እንደከለከለቻት፣ ዛፉ ሲቆረጥ ምንጩም እንደደረቀ ጽፋለች፤ ከዚያ ዛፍ የተነሣችው ሴት እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማትን ወሰደች። በናይጄሪያ የኦሹን ጥሻ እንዲሁ በአምላክ ስም ከከተማ ተርፏል። ከእማማ ዋርካ እስከዚያ ድረስ ምክንያቱ አንድ ነው፤ ዛፉን ያቆየው ሕግ ሳይሆን የሚፈራለት ባለቤት ነው።

ባለቤት የሌለው ምን እንደሚደርስበት ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ዕጣኑን ማየት ይበቃል። በየደብሩ ጥናው ላይ የሚጨሰው፣ በእማማ የቡና ገበታም የተገኘው ዕጣን ከመተማና ከቋራ ቆላ ይመጣል። ዛፉ በድርቅ የሚኖር፣ ቅርፊቱ ብራና መሳይ ነው። ቅርፊቱን በስለት እያቆሰሉ ሙጫውን ይለቅማሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት ተመራማሪዎች አሮጌው ዛፍ ሲሞት የሚተካ ወጣት ዛፍ በአብዛኛው እንደሌለ፣ ምርቱም በ20 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊወርድ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። እሳቱ፣ ከብቱ፣ ከመጠን ያለፈው ማቁሰሉ ተደራርቦበታል። ታቦት የሚታጠንበት ዛፍ በአብዛኛው ከታቦት ቅጥር ውጭ መቆሙ ያሳዝነኛል። ግዝት የለውም፤ ቅቤ የሚቀባው የለም።

ስለ ባሕር ዛፍ ጥሩ የሚናገር የጉዞ ጸሐፊ ብዙ አላየሁም። ታሪክ የለውም፤ ከምኒልክ ዘመን ወዲህ የመጣ ባዕድ ነው፤ ውሃ ይጠጣል፣ ሥሩ ሣር አያበቅልም። እውነት ነው። ነገር ግን ማክሰኝት ላይ የቤት ማገርና ወጋግራ፣ የምድጃ እንጨት፣ የገበሬው የጭንቅ ጊዜ ገንዘብ ከእሱ ካልመጣ ከየት ሊመጣ ነው? ከጊዮርጊስ ጽድ ነዋ። ማንም ስለማይወደው ሁሉም የሚቆርጠው ይህ ዛፍ ባይኖር የደብር ወይራ ስንት ዓመት ይቆም ነበር? አድባር አይሆንም፤ የአድባር ዘበኛ ግን ሆኗል።

ይህን የተወያየሁት ከአንድ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ወጣት ጋር ነው። የአፈር ተመራማሪዎች ይህን አካባቢ የሚያውቁት የጉማራ–ማክሰኝት ተፋሰስ ብለው ነው፤ ዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ኢካርዳ፣ የክልሉ ግብርና ምርምርና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ጎርፍ የሚሸረሽረውን አፈር እዚህ አጥንተዋል። የቦረቦሩን ጥልቀት ላየ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጁ ችግኞቹን ውሃ እያጠጣ ገበሬው የሚጠይቀውን ነገረኝ፦ ባሕር ዛፍ፣ ጌሾ፣ ግራቪሊያ። ወይራና ጽድ የሚወስዱት ካህናት ናቸው።

«ዋርካስ?»

«ዋርካ ችግኝ አናፈላም። ዘሩን ወፍ ነው የሚዘራው።»

«ጠይቆህ የሚያውቅ የለም?»

«አንድ ጊዜ አንዲት እናት መጡ። አሮጌው ዋርካ በነፋስ የወደቀባቸው መንደር አለ። ‹ዋርካ በሌለበት እምቧጮ አድባር ይሆናል ብለው እንዳይስቁብን› አሉኝ። ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ከሌላ ዋርካ ቆርጬ፣ ክረምቱ ሲገባ እስከ ጉልበቴ ቀብሬ፣ በእሾህ አጠርኩላቸው። ጸደቀ።»

«አድባር ሆነላቸው?»

ቱቦውን ወደ ሌላው መደብ አዞረና ትንሽ አሰበ። «እኔ የማውቀው መጽደቁን ነው። ባለፈው ሳልፍ ግን ገና ቁመቱ እኔን ሳያህል ሥሩ ላይ የቡና አተላ ተደፍቶ አየሁ። አጥሩን ፍየል እንዳይገባበት ጠበቅ አድርጉት ብዬ ሄድኩ።»